ከሳንባው በፊት ግርግሙን

ጥቁር አውራሪስ በኬንያ ወይም በናሚቢያ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲኖር ቀኑን ሙሉ አቧራ ይስባል። ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፣ የረገፈ ቅጠል ላይ ይተኛል። ቅጠል በሚበሰብስበት ሁሉ ሻጋታ አለና የሻጋታ ዘር በየትንፋሹ ወደ ሳንባው ይገባል። እንዲህም ሆኖ በዱር ያለ አውራሪስ በሳንባ ፈንገስ ሞተ ሲባል እምብዛም አይሰማም። ጋጣው በየቀኑ የሚጠረግለት፣ መኖው ተመዝኖ የሚቀርብለት፣ ሐኪም የሚመላለስበት የአሜሪካና የአውሮፓ መካነ እንስሳት አውራሪስ ግን ሞቶ ሲመረመር ሳንባው በፈንገስ ተወርሶ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ የሚሰጠው ቀላሉ መልስ «ጋጣው ቢቆሽሽ ነው» የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። ጋጣው ቢጸዳ የሚተነፈሰው የሻጋታ ዘር ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም፣ መጥፋትም አያስፈልገውም፤ ጤነኛ አውራሪስ የገባውን ዘር ራሱ ያጠፋዋልና። መጠየቅ ያለበት በሰው እጅ የሚኖረው እንስሳ ይህን ችሎታውን መቼና በምን ምክንያት አጣው የሚለው ነው። መልሱን ፍለጋ ከሳንባው ርቆ ወደ ደሙ፣ ወደ ጉበቱ፣ ወደ ሐኪሙ የመድኃኒት ሣጥንና ወደ ግርግሙ መሄድ ግድ ይላል።

ከአየር ጋር የሚገባው

በአብዛኛው የሚጠረጠረው ፈንገስ አስፐርጊለስ ይባላል፤ ከዝርያዎቹም ይበልጥ የሚፈራው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ነው። በ1863 ስሙን የሰጠው ጀርመናዊው ሐኪም ፍሬዚኒየስ ያገኘው በአንዲት ወፍ የመተንፈሻ አካል ውስጥ ነበር። መኖሪያው የበሰበሰ ሣር፣ የፍግ ክምር፣ እርጥበት የገባው ድርቆሽ ነው። ክምሩ ሲበሰብስ የሚፈጠረውን ሙቀት ስለሚችል የአጥቢ እንስሳ የሰውነት ሙቀት አያስቸግረውም፤ ብዙዎቹን ሻጋታዎች የሚገታው 37 ዲግሪ ለእሱ የተመቸ የአየር ጠባይ ነው። የዘሩ ስፋት ከሁለት እስከ ሦስት ማይክሮሜትር ገደማ በመሆኑም በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይጣራ እስከ ሳንባው የመጨረሻ ከረጢቶች ይዘልቃል።

እዚያ ሲደርስ ሁለት መከላከያ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያ የሳንባው ጠራጊ ሕዋሳት ዘሩን ውጠው ይፈጩታል። ያመለጠውና ክር ማብቀል የጀመረው ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ኦክስጅንን ወደ መርዝነት ቀይረው ያቃጥሉታል። ሁለቱም ከደከሙ ፈንገሱ ክሩን ወደ ደም ሥር ይሰዳል፣ ደም ሥሩ ይደፈናል፣ ደም ያጣው የሳንባ ክፍልም ይሞታል።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን የበሽታ ዓይነት ከኤች አይ ቪ ዘመን ያውቀዋል። «ተጓዳኝ በሽታ» የሚባለው ይኸው ነው፤ የመከላከል አቅም እስኪወርድ የሚጠብቅ። በ2021 ሕንድ ውስጥ ከኮቪድ ያገገሙ ሰዎችን በአስር ሺዎች የያዘው «ጥቁር ፈንገስ»ም ዝርያው ሌላ ቢሆን መንገዱ አንድ ነበር፤ የስኳር ሕመምና የስቴሮይድ መድኃኒት በሩን ከፈቱለት። በአውራሪሱ ታሪክ ውስጥም እነዚህን ሁለቱን የሚመስሉ ነገሮች እናገኛለን።

የወደቀ ግንድ

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞች በሰው እጅ ባሉ ጥቁር አውራሪሶች ላይ የመዘገቧቸው ሕመሞች ለአንድ ዝርያ እጅግ የበዙ ናቸው። አንዳንዱ ድንገት ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈርሱና በደም ማነስ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሌላው በአፉና በቆዳው ላይ የማይድን ቁስል ያወጣል። የጉበት መጎዳት፣ የጥጆች የአንጎል መበስበስ፣ ከአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ የሳንባ ነቀርሳም ተመዝግበዋል። የሳንባ ፈንገስ በዝርዝሩ ውስጥ እንደ አንድ ራሱን የቻለ በሽታ ተጽፎ ይገኛል።

እንዲህ እያንዳንዱን ለብቻው መጻፉ ለረጅም ጊዜ አሳሳተ ብዬ አምናለሁ። ደም የፈረሰበት እንስሳ የደም ሐኪም ጉዳይ፣ ቆዳው የቆሰለ የቆዳ ጉዳይ፣ ሳንባው የሻገተ የሳንባ ጉዳይ ሆነ። የሬሳ ምርመራ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በሳንባ ፈንገስ ከሞቱት ብዙዎቹ ቀደም ብለው በሌላ ሕመም የተጎሳቆሉ ወይም ለሌላ ሕመም ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የወሰዱ ናቸው። ፈንገሱ የሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ ቢፈርምም ጉዳዩን የጀመረው እሱ አይደለም።

ነጩ አውራሪስና የሕንዱ ባለ አንድ ቀንድ አውራሪስ በተመሳሳይ መካነ እንስሳት፣ በተመሳሳይ ክረምት፣ አንዳንዴም በተመሳሳይ ድርቆሽ እየኖሩ ይህን ያህል አይታመሙም። ልዩነቱ በአመጋገብ ነው። ነጩ ሣር ጋጭ ነው፣ የሕንዱም በአብዛኛው ሣር ይበላል። ጥቁሩና የሱማትራው አውራሪስ ግን የቁጥቋጦ ቅጠልና ቅርንጫፍ ቀንጣቢ ናቸው። በሽታው የበረታባቸውም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ብረት፦ የሁሉም ክር የሚገናኝበት

ግራርና መሰል ቁጥቋጦዎች በታኒን የበለጸጉ ናቸው። ታኒን በአንጀት ውስጥ ብረትን ይይዝና ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በብዙ ሺህ ትውልድ እንዲህ ያለ መኖ የበላ እንስሳ ከምግቡ የሚገኘውን ጥቂት ብረት አጥብቆ መያዝን ይለምዳል። በ2001 የታተመ የዘረመል ጥናትም ብረትን በሚቆጣጠረው ኤች ኤፍ ኢ በተባለው ዘረመል ላይ በቅጠል ቀንጣቢዎቹና በሣር ጋጮቹ አውራሪሶች መካከል ልዩነት መኖሩን አሳይቶ፣ ይህ ብረት ካነሰበት መኖ ጋር የመላመድ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል።

እንዲህ ያለውን እንስሳ ወደ ኦሃዮ ወይም ወደ እንግሊዝ ወስደው አልፋልፋና በፋብሪካ የተጠፈጠፈ መኖ ሲያቀርቡለት ብረቱ ይበዛል፣ ታኒኑ ይጠፋል፣ አንጀቱ ግን ያገኘውን ሁሉ መሰብሰቡን አይተውም። ሰውነት የተሰበሰበ ብረትን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። በመሆኑም በጉበት፣ በጣፊያና በሌሎች አካላት እየተከማቸ ይሄዳል፤ እንስሳው በሰው እጅ በቆየ ቁጥርም ክምችቱ ይጨምራል። በሲንሲናቲ መካነ እንስሳት ሦስት ጥጆች የወለደችው የሱማትራ አውራሪስ ኤሚ በ2009፣ ልጇ ሱቺ ደግሞ በ2014 የሞቱት በዚሁ የብረት ክምችት ነው።

ይህ ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው? ፈንገሱ ያለ ብረት አያድግም። አስፐርጊለስ ብረትን ከአካባቢው ነጥቆ የሚያመጡለት ሲዴሮፎር የተባሉ ሞለኪውሎችን ይሠራል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን እንዳይሠራ የተደረገ ፈንገስ አይጦችን ማሳመም ያቅተዋል። የአጥቢ እንስሳ ሰውነት በበሽታ ጊዜ ብረቱን ደብቆ ወራሪውን ያስርበዋል። በብረት የተሞላ እንስሳ ግን የሚደብቅበት ጎተራ ሞልቶበታል። ከዚህም በላይ የተትረፈረፈ ብረት ራሳቸውን ኒውትሮፊሎቹን ያዳክማል።

በዚህ ላይ የጥቁር አውራሪስ ደም የራሱ ድካም አለበት። አሜሪካዊው የደም በሽታ ተመራማሪ ዶናልድ ፓሊያ ለዓመታት ባደረጉት ምርመራ የእንስሳው ቀይ የደም ሕዋሳት ከሌሎች አጥቢዎች ጋር ሲነጻጸሩ ኃይል ሰጪው ኤቲፒ እጅግ ያነሳቸው፣ ከኦክስጅን መርዝ የሚከላከለው ካታላዝም የጎደላቸው መሆኑን አሳይተዋል። ብረት ሲበዛ የኦክስጅን መርዝ ይበዛል፤ መርዙን መቋቋም የማይችለው ሕዋስ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም በውስጡ የነበረውን ብረት ይለቃል። ዙሩ ራሱን ይመግባል።

ብረት ብቻውን ሁሉንም ነገር ያብራራል የሚል ግን ከማስረጃው ይቀድማል። በ2015 የታተመ ጥናት በአሜሪካ መካነ እንስሳት ያሉ ጥቁር አውራሪሶችን ከዱር ዘመዶቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በሰው እጅ ያሉትን በደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት የበዛባቸውና ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በሚገባ የማይታዘዝላቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ይህ ከመጠን በላይ የበላና ጥቂት የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ የሚታየው ሁኔታ ነው። ምናልባት የብረቱ ክምችት ራሱ በከፊል የዚህ ውጤት ይሆናል። የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ አልተለየም፤ ሁለቱም አሳማኝ ናቸው፣ ሁለቱም ወደ መኖው ያመለክታሉ።

ሌላው ግፊት ከተመልካቹ ይመጣል። በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በእበት ውስጥ የሚገኘውን የጭንቀት ሆርሞን ለክቶ፣ አጥራቸው በብዙ ጎን ለጎብኚ ክፍት የሆነባቸው ጥቁር አውራሪሶች ሆርሞኑ ከፍ ብሎባቸው እንደነበር፣ ሆርሞኑ በሚዋዥቅበት ቦታም ሞት እንደሚበዛ አሳይቷል። ያ ሆርሞን በሰውነት የሚሠራ ስቴሮይድ ነው። የመከላከያ ሕዋሳትን ያቀዘቅዛል።

የሐኪሙ አጣብቂኝ

ደሙ በመፍረስ ላይ ያለ ወይም ቆዳው የቆሰለ አውራሪስ ፊት የቆመ ሐኪም ስቴሮይድ ቢሰጥ ብግነቱ ይበርዳል። በዚያው ግን የሳንባውን ጠባቂዎች ያስተኛቸዋል። ከስቴሮይዱ ጋር ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ደግሞ ፈንገስን የሚፎካከሩትን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ሜዳውን ያስፋለታል። መድኃኒቱን መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ ደሙ የሚፈርሰው እንስሳ የሚሞተው ነገ ነው፣ ፈንገሱ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ። ሊደረግ የሚችለው መጠኑንና ጊዜውን ማሳጠር፣ በዚያው ወቅትም እንስሳውን ከድርቆሽ ብናኝ ማራቅ ነው። የኋለኛው ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚታሰብበት ከረፈደ ነው።

የብረቱ ሕክምናም የራሱ ወጥመድ አለው። ለሰው ለብረት ክምችት ከሚሰጡት መድኃኒቶች የቆየው ዴፈሮክሳሚን፣ ጥቁር ፈንገስ ለሚያመጡት ሻጋታዎች ብረት አቀባይ ሆኖ እንደሚያገለግል በሰው ሕክምና የታወቀ ነው። የተሻለው መንገድ ጥንታዊው ነው፤ ደም ማፍሰስ። አንዳንድ የአሜሪካ መካነ እንስሳት አውራሪሶቻቸውን ያለ ማደንዘዣ ቆመው ደም እንዲሰጡ አሠልጥነዋል፤ በየጊዜው የሚቀዳው ደም ብረቱን ይዞ ይወጣል። ሥራው ትዕግሥትና ጥሩ ጠባቂ ይፈልጋል። ሁለቱም በበጀት ሰነድ ላይ በቀላሉ የሚታዩ ነገሮች አይደሉም።

ማወቅ ለምን ይዘገያል

ሰው ሳል ሲይዘው ራጅ ይነሣል፣ አክታ ይሰጣል። ከ800 እስከ 1,400 ኪሎ የሚመዝንና ወፍራም ቆዳ ያለው እንስሳ ደረት በራጅ አይነበብም። የአዋቂ አውራሪስ ደረት የሚያስገባ የሲቲ ስካን መሣሪያም ተራ የእንስሳት ሆስፒታል ውስጥ አይገኝም። በመሣሪያ ከሳንባው ናሙና ለመውሰድ ማደንዘዝ ያስፈልጋል፤ ለአውራሪስ የሚሰጠው ኢቶርፊን ደግሞ ትንፋሽን ያፍናል፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያወርዳል። ሳንባው አስቀድሞ የተበላ እንስሳ ከዚያ ማደንዘዣ ላይነቃ ይችላል። ለሰው የሚሠራው የፈንገስ ቅሪትን በደም የሚፈልግ ምርመራም ውጤቱ ለአውራሪስ ምን ማለት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግር መለኪያ የለውም።

አውራሪሱ ራሱም ሕመሙን ይደብቃል። መኖ መተው ሲጀምር፣ ሲከሳ፣ በአፍንጫው ደም ሲያሳይ በሽታው ሩቅ ሄዷል። በዚህ ምክንያት በሳንባ ፈንገስ ላይ ያለን እውቀት አብዛኛው ከሬሳ የተገኘ ነው። ተይዞ የዳነ ካለ ላይመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ በሽታው ከሚመስለው የበዛና ከሚመስለውም ያነሰ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

የመድኃኒቱ ሒሳብ

ሐኪሙ ተጠራጥሮ ማከም ቢጀምር መጠኑን የሚገምተው ከፈረስ ተነሥቶ ነው። ፈረስና አውራሪስ ባለ ጎዶሎ ጣት ዘመዳሞች ናቸው፣ ምግባቸውንም የሚያብላሉት በኋለኛው አንጀት ነው። ለፈረስ ከተጠቆሙት መጠኖች አንዱ ቮሪኮናዞል ከተባለው ፀረ ፈንገስ በኪሎ 4 ሚሊግራም በቀን ነው። ይህ ለ1,000 ኪሎ አውራሪስ 4 ግራም፣ ማለትም በየቀኑ 20 ባለ 200 ሚሊግራም ክኒን ይሆናል፤ የአሥር ሰው ዕለታዊ መጠን። ሕክምናውም ለወራት ይቀጥላል። አሮጌው ፀረ ፈንገስ አምፎቴሪሲን ቢ ዋጋው ቢቀንስም በደም ሥር የሚሰጥና ኩላሊት የሚጎዳ ነው።

ዋጋው ቢሸነፍ እንኳ ሌላ አደጋ እያደገ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 ባወጣው የመጀመሪያው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን ከፍተኛ ትኩረት ከሚሹት አራቱ መድቦታል። አንዱ ምክንያት ቮሪኮናዞልን ጨምሮ አዞል የሚባሉትን መድኃኒቶች መቋቋም መጀመሩ ነው። ጎልቶ የተጠናው በኔዘርላንድስ ሲሆን መነሻውም በእርሻ ላይ የሚረጩ የአዞል ቤተሰብ ፀረ ፈንገሶች እንደሆኑ ይታመናል፤ የአበባ እርሻ ያላትን አገራችንንም የማይመለከት ጉዳይ አይደለም። እንስሳው መድኃኒት ቀምሶ ሳያውቅ፣ የሚስበው ሻጋታ ግን ከማሳ መድኃኒቱን ለምዶ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔውን በክኒን ላይ ብቻ የሚያንጠለጥል ዕቅድ እየጠበበ በሚሄድ መንገድ ላይ ነው።

ግርግሙ ላይ ያለው ምርጫ

መኖን ማስተካከል ሲባል ቀላል ይመስላል። ብረቱ ያነሰ ጥፍጥፍ መኖ ተዘጋጅቷል፣ አልፋልፋው በሣር ድርቆሽ እየተተካ ነው። ግን ድርቆሽ በበዛ ቁጥር ብናኝና ሻጋታ ይበዛል። ድርቆሹን በውኃ መንከር ወይም በእንፋሎት ማጠን ብናኙን ይቀንሳል፤ ተነክሮ የቆየ ግን ራሱ ይሻግታል። ትኩስ ቅርንጫፍ ከሁሉ ይሻላል፣ የሰሜኑ ክረምት ግን ዛፉን ያራግፈዋል። አንዳንድ የአውሮፓ መካነ እንስሳት በበጋ የቆረጡትን ቅጠል በሳይሌጅ መልክ አየር አሳጥተው ለክረምት ያስቀምጣሉ። ክዳኑ በደንብ ካልታሸገ አየር ይገባና ከድርቆሹ የባሰ ሻጋታ ይፈለፍላል። ክረምት ደግሞ እንስሳው ተዘግቶ የሚያድርበት፣ ሙቀት ለመቆጠብ መስኮት የሚዘጋበት ወቅት ነው። ብረትን የሚቀንሰው እርምጃ የሻጋታውን ዘር እንዳያበዛ መኖ አቅራቢው፣ ጠባቂውና የሕንፃው መሐንዲስ አብረው መወሰን አለባቸው። በተግባር የሦስቱም አለቃ የተለያየ ነው።

ዋጋ የሚያስከፍለው የት ላይ ነው

በ1970 ወደ 65,000 ይገመት የነበረው ጥቁር አውራሪስ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ2,500 በታች ወረደ፤ ዛሬ ወደ 6,500 ገደማ ተመልሷል። በመካነ እንስሳት ያሉት ጥቂት መቶዎች ዱሩ ቢከስር መጠባበቂያ እንዲሆኑ የታሰቡ ናቸው። መጠባበቂያነቱም ወሬ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2019 ከቼክ፣ ከእንግሊዝና ከዴንማርክ የተሰባሰቡ አምስት የምሥራቅ አፍሪካ ጥቁር አውራሪሶች ወደ ሩዋንዳው አካጌራ ብሔራዊ ፓርክ ተመልሰዋል። የዚህ ንዑስ ዝርያ የቀድሞ መኖሪያ ኢትዮጵያን ይጨምራል። በእኛ አገር አውራሪስ ጠፍቷል፤ አንድ ቀን ይመለስ ቢባል ከሚታሰቡት ምንጮች አንዱ ይኸው የአውሮፓ መንጋ ነው።

መመለስ ለሳንባውም ለብረቱም መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ። በመርህ ደረጃ ልክ ናቸው፤ ቁጥቋጦው ታኒኑን ይመልሳል፣ ጋጣው ይቀራል። ማዛወር ግን ራሱ ይገድላል። በ2018 ኬንያ ወደ ጻቮ ምሥራቅ ካዛወረቻቸው 11 ጥቁር አውራሪሶች አንድም አልተረፈም፤ ዋነኛው ጥፋት ጨው የበዛበት የመጠጥ ውኃ ነበር። በዚያው ዓመት ከደቡብ አፍሪካ ወደ ቻዱ ዛኩማ ከተወሰዱት ስድስት አራቱ ከአዲሱ ቦታ ጋር ሳይላመዱ ሞቱ። እነዚያ ከዱር ወደ ዱር የሄዱ ነበሩ። በብረት የተሞላ፣ ለቆላ ዝንብና ለምታስተላልፈው ገንዲ በሽታ እንግዳ የሆነ የመካነ እንስሳት ልጅ ሲጨመር ሒሳቡ ይከብዳል።

ለሚቀጥሉት ዓመታት ይበልጥ የሚመስለኝ ዘገምተኛ መሻሻል ነው። አቅም ያላቸው መካነ እንስሳት መኖ ይለውጣሉ፣ ደም ይቀዳሉ፣ ስቴሮይድን በጥንቃቄ ይይዛሉ፤ የፈንገስ ሞትም ከእነሱ ዘንድ ይቀንሳል። አቅም የሌላቸው በክኒን ይታገላሉ፣ ክኒኑም እየደከመ ይሄዳል። እንስሳትን ለእርባታ የሚለዋወጡ በመሆናቸው ግን በአንዱ ቤት የተከማቸ ብረት በሌላው ቤት ሳንባ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ አውራሪስ ከግቢ ወደ ግቢ ሲዛወር የዘር ሐረጉ ተጽፎ እንደሚሄድ ሁሉ ምን በልቶ እንዳደገ፣ ስንት ጊዜ ስቴሮይድ እንደወሰደ፣ የብረት ክምችትን የሚጠቁመው ፌሪቲን የተባለ ፕሮቲን በደሙ ውስጥ በየዓመቱ እንዴት እንደሄደ አብሮ መጻፍ አለበት። የፌሪቲን ምርመራው ራሱ አከራካሪ ነው፤ የአንዱን እንስሳ ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር አያስተማምንም፣ ያንኑ እንስሳ ከራሱ ያለፈ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ግን ይጠቅማል። ብረቱ ባነሰ መኖ ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያደጉት ገና በማርጀት ላይ ናቸው። በሰው እጅ እስከ 40 ዓመት ሊኖር የሚችል እንስሳ ስለሆነ፣ የእነዚህ ሳንባ ከወላጆቻቸው ሳንባ ይሻል እንደሆነ የሚታወቀው በመጪዎቹ ሁለት አስርት ዓመታት፣ በየቤቱ የሚደረገው የሬሳ ምርመራ በአንድ ዓይነት ቅጽ ከተመዘገበ ብቻ ነው።